ሄሮዶቱስና አንባቢው፤ የጥንቱን ታሪክ ደስ እያለን ስለ መመርመር

የጥንት መጽሐፍ በእጁ የገባለት ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተት በአንዱ ይወድቃል። አንደኛው ስሕተት፥ መጽሐፉ ስላረጀ ብቻ በውስጡ ያለውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ መቀበል ነው። ሁለተኛውም፥ በውስጡ አንድ ሁለት ተረት ያገኘ እንደ ሆነ መጽሐፉን በሙሉ ተረት ነው ብሎ መጣል ነው። ፊተኛው አንባቢ ይደሰታል፥ ነገር ግን አይማርም፤ ሁለተኛው የተማረ ይመስለዋል፥ ነገር ግን ደስታውንም ትምህርቱንም አጥቶ ይቀራል። በኛ አገር ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት አንባቢ አለ፤ ይኸውም የሩቅ አገር መጽሐፍ ሲገልጥ የኢትዮጵያን ስም ብቻ የሚፈልግ፥ ያገኘ እንደ ሆነ ሳይመረምር በደስታ የሚጠቅስ፥ ያላገኘ እንደ ሆነ መጽሐፉን የሚዘጋ ነው።

ለነዚህ ለሦስቱ ስሕተቶች መድኃኒት የሚሆን አንድ መጽሐፍ ምረጡ ብንባል፥ የግሪኩን የሄሮዶቱስን ታሪክ እንመርጣለን። ይህ መጽሐፍ ከ2,400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ በዚህም ሁሉ ዘመን የሚያመሰግኑትና የሚነቅፉት ሰዎች ተለይተውት አያውቁም። የሮማው ሊቅ ሲሴሮ የታሪክ አባት ብሎ ሰየመው፤ ዳሩ ግን በዚያው ቃሉ ውስጥ ቍጥር የሌለው ተረት እንዳለበት ሳይናገር አላለፈም። ምስጋናውና ነቀፋው በአንድ ቦታ ስለ ተጻፈ፥ የሁለቱን ክብደት ማመዛዘን ለአንባቢ የተተወ ሥራ ነው። እኛም በዚህ ገጽ የምንሞክረው ይህንኑ ነው።

ሄሮዶቱስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ484 ዓመት ገደማ፥ በታናሽ እስያ ጠረፍ ባለችው በሐሊካርናሶስ ከተማ ነው፤ ይህችም ዛሬ በቱርክ አገር ቦድሩም የምትባለው ናት። በዚያ ዘመን ከተማይቱ የግሪኮች ስትሆን ለፋርስ ንጉሥ ትገብር ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ከሕፃንነቱ ጀምሮ በሁለት ዓለም ድንበር ላይ ኖረ ማለት ነው። ካደገ በኋላ ብዙ አገር ዞረ፤ ጢሮስን አየ፤ በግብፅም ውስጥ ዛሬ አስዋን በሚባለው ስፍራ አጠገብ እስካለችው እስከ ኤሌፋንቲን ደሴት ድረስ እንደ ደረሰ ራሱ ይነግረናል። መጽሐፉን በኋላ ዘመን የተነሡ ሊቃውንት በ9 ክፍል ከፈሉት። ዋናው ነገሩ በግሪኮችና በፋርሶች መካከል የተደረገው ጦርነት ነው፤ ይኸውም በ490 በማራቶን፥ በ480 በቴርሞፒሌና በሳላሚስ፥ በ479 በፕላቴያ የተደረገው ነው። የጻፈበትንም ምክንያት በመጀመሪያው ላይ ሲገልጥ፥ የሰው ሥራ በዘመን ብዛት እንዳይጠፋ፥ የግሪኮችም የሌሎች ሕዝቦችም ታላላቅ ሥራዎች ስማቸው እንዳይረሳ፥ ደግሞም በምን ምክንያት እንደ ተዋጉ እንዲታወቅ ነው ይላል። የራሱን ወገን ብቻ ሳይሆን የጠላቱንም ወገን ክብር ከመረሳት ለማዳን መነሣቱን አንባቢ ልብ ይበል።

አስቀድመን ስለ ደስታው እንናገር። ሄሮዶቱስ ነገር መናገር የሚያውቅ ሰው ነው። የልድያ ንጉሥ ክሮይሶስ በሀብቱ የታወቀ ነበር። የአቴናው ሕግ ሠሪ ሶሎን ሊጠይቀው በመጣ ጊዜ ግምጃ ቤቱን ሁሉ አስጐበኘውና ከሰው ሁሉ ይልቅ ደስተኛ ማን እንደ ሆነ ጠየቀው። ሶሎን ግን ንጉሡን ትቶ፥ ልጆችና የልጅ ልጆች አይቶ ለአገሩ ሲዋጋ የሞተ አንድ የአቴና ሰው ጠራ፤ ሁለተኛም እናታቸውን በሠረገላ ጐትተው ወደ በዓል ያደረሱ ሁለት ወንድማማች ጐልማሶች ጠራ። ንጉሡም በተቈጣ ጊዜ፥ የሰው ደስታ ፍጻሜው ሳይታይ እንደማይመሰከር ነገረው። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ለዚህ ቃል ማስረጃ ነው። ንጉሡ ልጁ በብረት ጫፍ ሲሞት በሕልሙ አየ፤ ጦርና ጎራዴውን ሁሉ ከቤቱ አስወጣ፤ ልጁን ወደ ከርከሮ አደን ሲልከው እንዲጠብቅለት የሾመው ሰው ከርከሮውን ስቶ ልጁን ወጋው። ኋላም በዴልፊ የነበረው የጣዖት ቤት፥ ከፋርስ ጋር ብትዋጋ አንድ ታላቅ መንግሥት ታፈርሳለህ ቢለው ደስ ብሎት ዘመተ፤ የፈረሰው መንግሥት ግን የራሱ ሆነ። በ546 ገደማ ከተማው ተይዞ ሊቃጠል በእንጨት ክምር ላይ በቆመ ጊዜ የሶሎንን ስም ሦስት ጊዜ ጠራ።

ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው አይረሳውም። ዳሩ ግን መርማሪው እዚሁ ላይ ይነሣል። ሶሎን ሕጉን የሠራው በ594 ገደማ ሲሆን፥ ክሮይሶስ የነገሠው ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ ቈይቶ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተገናኝተዋል ማለት ያስቸግራል። ይህን ነገር በጥንት ዘመን የነበረው ፕሉታርክም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ታሪኩ ለሶሎን ጠባይ የተገባ ስለ ሆነ በዘመን ቍጥር ብቻ አልጥለውም ብሎ በመጽሐፉ አስገባው። እኛ እንደ ፕሉታርክ አናድርግ፤ እንደ ዘመን ቈጣሪው ብቻም አናድርግ። ሁለቱ ተገናኝተው እንዲህ ተባባሉ ማለትን እንተው፤ ግሪኮች ስለ ሀብትና ስለ ሥልጣን እንዴት ያስቡ እንደ ነበረ ግን ከዚህ የበለጠ ምስክር አናገኝም። ተረቱ ስለ ክሮይሶስ ሲዋሽ ስለ ተራቾቹ እውነት ይናገራል።

ከዚህም የሚበልጥ ስፍራ በሰባተኛው ክፍል አለ። የፋርስ ንጉሥ ዜርክሲስ፥ ይኸውም ብዙ ሊቃውንት በመጽሐፈ አስቴር አሕሻዊሮስ የተባለው ነው የሚሉት፥ ግሪክን ሊያጠፋ ሲሄድ በአቢዶስ በነጭ ድንጋይ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሠራዊቱን ተመለከተ። ባሕሩ በመርከብ፥ ሜዳው በሰው ተሸፍኖ ባየ ጊዜ ራሱን ብፁዕ አለ፤ ወዲያውም አለቀሰ። አጎቱ አርጣባኖስ ምክንያቱን ቢጠይቀው፥ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ከ100 ዓመት በኋላ አንድ ስንኳ በሕይወት የሚገኝ እንደሌለ አስቦ እንዳዘነ መለሰለት። አጎቱም፥ ዕድሜ አጭር ሳለ እንኳ መከራው ሞትን የሚያስመኝ መሆኑ ከዚያ የበለጠ ያሳዝናል አለው። ይህን የጻፈው ግሪካዊ ነው፤ የሚያለቅሰውም የጸሐፊውን ወገን ሊያጠፋ የመጣ ጠላት ነው። ጠላቱን እንዲህ አድርጎ የሚያስለቅስ ጸሐፊ በየዘመኑ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። የሄሮዶቱስ ታላቁ ሀብት፥ ያየውንና የሰማውን፥ የገመተውንም ለይቶ መናገሩ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፥ ይህን ካህናቱ ነገሩኝ፥ ይህን የቄሬና ሰዎች ሲሉ ሰማሁ፥ ይህ ግን የኔ አሳብ ነው እያለ ይሄዳል። በአንድ ነገር ላይ ሁለትና ሦስት ወሬ የሰማ እንደ ሆነ ሁሉንም ይጽፋል። የሚነገረውን መናገር ግዴታው እንደ ሆነ፥ ሁሉን ማመን ግን ግዴታው እንዳልሆነ በግልጥ አስታውቋል።

በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ የተማረ ሰው ይህን መንገድ ለማወቅ አይቸገርም። መምህሩ ንባቡን ካስነበበ በኋላ አንዱን ፍች ይሰጣል፤ ቀጥሎም «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል፤ ሁለተኛው ሲመጣ ፊተኛው አይሻርም፤ ደቀ መዝሙሩም ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። ሄሮዶቱስም «አንድም» የሚል ታሪክ ጸሐፊ ነው ብንል ነገሩን አናበላሽም። ልዩነቱ ግን መታወቅ አለበት። የአንድ ቃል ምሥጢር ብዙ ፍች ሊሸከም ይችላል፤ የተደረገ ነገር ግን የተደረገው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ የትርጓሜ ተማሪ ሁሉን ይዞ ሊቀመጥ ሲችል፥ የሄሮዶቱስ አንባቢ ሁሉን ሰምቶ የመፍረድ ዕዳ አለበት። ጸሐፊው ምስክሮቹን አቁሞልናል፤ ዳኛው አንባቢው ነው።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደ ጠቀመ በአንድ ምሳሌ እናሳይ። ከ600 ዓመት ገደማ አስቀድሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት የግብፅ ንጉሥ ፈርዖን ኒካዑ የፊንቄ መርከበኞችን በባሕረ ኤርትራ በኩል ላካቸው፤ ያን ጊዜ ሊብያ ትባል የነበረችውን አፍሪካን በባሕር ዙረው በጂብራልታር በኩል እንዲመለሱ አዘዛቸው። እነርሱም በየመንገዱ እየወረዱ፥ እህል እየዘሩ፥ አጭደው እየተነሡ በሦስተኛው ዓመት ግብፅ ገቡ ይላል። በተመለሱም ጊዜ ሊብያን ስንዞር ፀሐይ በቀኛችን ሆነች ብለው ተናገሩ። ሄሮዶቱስ ይህን እኔ አላምነውም፥ ሌላ ሰው ግን ያምነው ይሆናል ብሎ ጻፈው። እርሱ በሚያውቀው አገር ፊቱን ወደ ምዕራብ አድርጎ የሚሄድ ሰው በእኩለ ቀን ፀሐይ በግራው ናትና፥ ነገሩ ሐሰት መሰለው። ዛሬ ግን ምድር ድቡልቡል መሆኗን የሚያውቅ ተማሪ ሁሉ፥ ከምድር ወገብ በታች በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ ወደ ምዕራብ የሚቀዝፍ ሰው ፀሐይን በቀኙ እንደሚያይ ይረዳል። ስለዚህ ጸሐፊው ያላመነው ነገር፥ ብዙ ሊቃውንት መርከበኞቹ በእውነት ወደዚያ ደርሰዋል እንዲሉ ያደረጋቸው ዋናው ማስረጃ ሆነ። ሄሮዶቱስ እውነት የመሰለውን ብቻ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ማስረጃ ለዘለዓለም በጠፋ ነበር።

ሁለተኛው ምሳሌ ከኛ ጋር የሚገናኝ ነው። የግብፅ ወንዝ በበጋ፥ ይኸውም በሰሜን አገሮች በጋ በሚሆንበት በኛ የክረምት ወራት፥ ስለ ምን እንደሚሞላ ሄሮዶቱስ አጥብቆ ጠየቀ። የግብፅ ካህናት የሚነግሩት አጡ። ከግሪኮች ግን ሦስት አሳብ አገኘ። አንደኛው፥ ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ወንዙን ወደ ባሕር እንዳይወርድ ስለሚከለክለው ነው የሚል ነበር። ሁለተኛው፥ ወንዙ ምድርን ከሚከብበው ውቅያኖስ ስለሚመጣ ነው የሚል ነበር። ሦስተኛውም፥ በረዶ ስለሚቀልጥ ነው የሚል ነበር። ሄሮዶቱስ ሁሉንም በየተራ መለሳቸው። ነፋሱ ሳይነፍስ ወንዙ ይሞላልና ፊተኛው አይሆንም አለ፤ ውቅያኖሱን ያየው ሰው የለም አለ፤ በረዶውንም፥ ሰዎቹ ከሙቀት የተነሣ በጠቈሩበት፥ ዝናምና ውርጭ በማይታወቅበት አገር በረዶ ከወዴት ይመጣል ብሎ ናቀው። ከዚህም በኋላ የራሱን አሳብ ሰጠ፤ በክረምት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትገፋ የወንዙን ውኃ ስለምትስብ ያን ጊዜ ይጐድላል፥ በበጋ ግን ወደ ልኩ ይመለሳል አለ።

ይህን ክርክር የጎጃም ወይም የበጌምድር ሰው ሲያነበው ፈገግ ሳይል አይቀርም። ከሰኔ እስከ መስከረም በደጋው ላይ የሚወርደው ዝናም በዓባይ፥ በተከዜና በባሮ ሆኖ ወደ ታች ይሄድ ነበርና፤ በሙላቱም ወራት ግብፅ ከሚደርሰው ውኃ ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚበልጠው ከዚህ የወረደው ነበር። በግብፅ ያ ሙላት የቀረው የአስዋን ታላቅ ግድብ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1970 ከተፈጸመ ወዲህ ነው። እንግዲህ ሄሮዶቱስ በዚያ አገር ዝናም የለም ብሎ በእርግጥ የተናገረው ቃል፥ የሚፈልገውን መልስ ከእጁ ያወጣው ቃል ሆነ። ዳሩ ግን ስንስቅ እንጠንቀቅ። የተሳሳተው ሳያስብ ቀርቶ አይደለም፤ ያላየውን አገር በሚያውቀው አገር ልክ ስለ ለካው ነው። ይህም ስሕተት በመጻሕፍት ብዛት ዘመን ባለነው በኛም ዘንድ የበዛ ነው። ደግሞም የተቃዋሚዎቹን አሳብ ከነምክንያቱ ስለ ጻፈልን፥ ስሕተቱን ያገኘነው በሌላ ሰው መጽሐፍ ሳይሆን እርሱ ራሱ በሰጠን መሣሪያ ነው።

ነቀፋ የሚገባውን ቦታ ልንሸፍን አንወድም። በቍጥር ነገር ሄሮዶቱስ ሊታመን አይችልም። የዜርክሲስን ሠራዊት ከነተከታዩ 5,283,220 ሰው ያደርሰዋል፤ ከዚህም ሌላ ዳቦ ጋጋሪ ሴቶችን ሊቈጥር የሚችል የለም ይላል። ይህን ያህል ሰው ውኃና ቀለብ አግኝቶ በዚያ መንገድ ሊያልፍ እንደማይችል የዛሬ ሊቃውንት አስረድተዋል። እንዲሁም በታላቁ የግብፅ ፒራሚድ ላይ ሠራተኞቹ ለበሉት ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት 1,600 መክሊት ብር እንደ ወጣ ተጽፏል ብሎ አስተርጓሚው ነገረኝ ይላል፤ ጸሐፊው የግብፅን ፊደል አያነብምና፥ እንግዳን ለማስደነቅ የሚወድ አስተርጓሚ ያለውን ሁሉ ለመቀበል ተገደደ። በነገሥታት አፍ ያደረገውም ንግግር ብዙው የራሱ ድርሰት ነው፤ ንጉሥና አማካሪው ለብቻቸው የተነጋገሩትን ማን ሰማው?

አንዳንድ ጊዜ ግን ስሕተቱን የምናርምበትን ነገር ሳያስበው በታሪኩ ውስጥ ጥሎልን ይሄዳል። የግብፅ ንጉሥ ፕሳሜቲኮስ ከሕዝብ ሁሉ የቀደመው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ሁለት ሕፃናት የሰው ቃል ሳይሰሙ በእረኛ ቤት እንዲያድጉ አዘዘ፤ እረኛውም ወተት እንዲጠጡ ፍየሎች ያመጣላቸው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕፃናቱ እጃቸውን ዘርግተው «ቤኮስ» አሉ፤ ይህም ቃል በፍርግያ ቋንቋ ዳቦ ማለት ስለ ሆነ ንጉሡ የፍርግያን ሰዎች ቀዳሚነት አመነ ይላል። በገጠር ያደገ አንባቢ ግን ከሊቃውንቱ ሁሉ ቀድሞ መልሱን ያገኘዋል፤ ሕፃናቱ ከፍየል ጋር ካደጉ የፍየሉን ጩኸት ተምረው ይሆናልና። ታሪክን መመርመር ከትልቅ ትምህርት ቤት ብቻ የሚገኝ ጥበብ አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል። የሚያስፈልገው በዓይን ያዩትን በመጽሐፍ ካነበቡት ጋር ማስተያየት ነው።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ስም ወደ ተጻፈበት ክፍል እንድረስ። ካምቢሲስ በ525 ግብፅን ከያዘ በኋላ ረጅም ዕድሜ ወዳላቸው ኢትዮጵያውያን ሰላዮች ላከ፤ እጅ መንሻም አስያዛቸው፤ ይህም ቀይ ሐምራዊ ልብስ፥ የወርቅ ድሪና አንባር፥ ሽቱና የተምር ጠጅ ነበር። የኢትዮጵያውያን ንጉሥ የተላኩበትን ምክንያት ወዲያው ዐወቀ። ልብሱ የተነከረ መሆኑን ሰምቶ እንደ ሰዎቹ ሁሉ ልብሳቸውም አታላይ ነው አለ፤ አንባሩን እግር ብረት መስሎት እኛ ከዚህ የጠነከረ አለን አለ፤ ጠጁን ብቻ አመሰገነ። ለጌታቸውም አንድ ትልቅ ደጋን ሰጣቸውና፥ ፋርሶች ይህን የመሰለ ደጋን በቀላሉ መገተር የቻሉ ዕለት እንዲመጡ፥ ንጉሣቸውም ጻድቅ ቢሆን ኖሮ የሌላውን አገር እንደማይመኝ ነግሮ ሰደዳቸው። ካምቢሲስ ይህን ሰምቶ በቍጣ ስንቅ ሳያዘጋጅ ዘመተ፤ ከመንገዱ አምስተኛው እጅ ሳይደርስ ምግቡ አለቀ፤ የጭነት ከብቱንም ሣሩንም በልተው በአሸዋው ላይ ሲደርሱ ወታደሮቹ ዕጣ እየተጣጣሉ ከዐሥር አንድ ሰው ይበሉ ጀመር፤ ያን ጊዜ ደንግጦ ተመለሰ።

ሦስተኛው አንባቢያችን ይህን ሲያነብ ልቡ ይሞላል፤ ይህ የኛ ንጉሥ ነው፥ ያም ደጋን የአባቶቻችን ነው ይላል። ነገሩን ግን በሚዛን ማየት ይገባል። ኢትዮጵያዊ ማለት በግሪክ ቋንቋ ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው፤ ግሪኮችም ይህን ስም ለአንድ መንግሥት ብቻ አልሰጡትም። ሄሮዶቱስ ራሱ ከግብፅ በላይ በሜሮዌ ያሉትን ኢትዮጵያውያን ይላቸዋል፤ በደቡብ ባሕር ዳር ያሉትን እነዚህን ባለ ረጅም ዕድሜዎችም እንዲሁ ይላቸዋል፤ በዜርክሲስ ሠራዊት ውስጥ ከሕንድ ሰዎች ጋር የተሰለፉትን፥ ጠጕራቸው ያልተከረደደውን የምሥራቅ ሰዎችም ኢትዮጵያውያን ይላቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርዕ የመለሱትም ሰዎች ኩሽ የሚለውን ኢትዮጵያ ብለው ጻፉት፤ ወደ ግእዝም የገባው ከዚያ ነው። የአክሱም መንግሥት የተነሣው ከሄሮዶቱስ በኋላ ብዙ መቶ ዓመት ቈይቶ ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት የነበረው ንጉሥ ዔዛና ባስቀረጸው ጽሕፈት፥ በግእዙ ሐበሠት የሚለው በጽርዑ ኢትዮጵያውያን ተብሎ ይገኛል። እንግዲህ ስሙ ከብዙ ሕዝብ ጋር የተካፈልነው፥ በኋላም ይዘን ያከበርነው ርስት ነው። ርስት ደግሞ ወሰኑ ሲታወቅ ይከበራል እንጂ አይዋረድም፤ ከወሰኑ አልፎ የሚያርስ ሰው ግን ሙግት ይገጥመዋል።

ደግሞም ስሙን ብቻ የፈለገ አንባቢ የታሪኩን ልብ ያጣዋል። የዚህ ክፍል ዋና ነገር ደጋኑ አይደለም፤ የራሱ ያልሆነውን አገር የተመኘ ንጉሥ ሠራዊቱን እርስ በርሱ እስኪበላላ ድረስ ማድረሱ ነው። ግሪኩ ጸሐፊ ትምክሕተኛውን ንጉሥ የሚፈርድበት ሰው ሲያስፈልገው፥ በዓለም ዳርቻ አለ የተባለውን ጥቁር ንጉሥ ዳኛ አድርጎ አስቀመጠው። በ1928 ዓመተ ምሕረት ጠላት የገባበት ሕዝብ ይህን ፍርድ ከማንም ይልቅ ያስተውለዋል፤ ለዚህም የሜሮዌን ወይም የሌላውን ሕዝብ ደጋን የራሱ ማድረግ አያስፈልገውም።

ከሄሮዶቱስ ቀጥሎ የተነሣው ቱኪዲዲስ ከ431 ጀምሮ በአቴናና በስፓርታ መካከል የተደረገውን ጦርነት ሲጽፍ፥ ለጆሮ ደስታ የሚሆን ነገር ከመጽሐፌ አትፈልጉ የሚል አሳብ አኖረ። ስም ባይጠራም ቃሉ ማንን እንደሚነካ ብዙዎች ያውቁታል። በጥንቃቄ፥ በመንግሥት ነገር ዕውቀትና በአሳብ ጥልቀት ቱኪዲዲስ ይበልጣል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ቱኪዲዲስ ምስክሮቹን በጓዳ ሰምቶ ፍርዱን ብቻ ያወጣልናል፤ ሄሮዶቱስ ግን ችሎቱን በአደባባይ ያስችላል። የፊተኛው ቢሳሳት ስሕተቱን የምናውቅበት መንገድ ጥቂት ነው፤ የሁለተኛው ሲሳሳት ግን፥ በዓባይ ሙላት እንዳየነው፥ እውነቱን የምንፈልግበትን በር ክፍት ትቶ ነው። ፕሉታርክም ስለ ሄሮዶቱስ ክፋት አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ የባዕዳን ወዳጅ ብሎ ከሰሰው። ፋርሶች ልጆቻቸውን ከ5 ዓመት እስከ 20 ዓመት ፈረስ መጋለብን፥ ቀስት መወርወርንና እውነት መናገርን ብቻ ያስተምራሉ ብሎ ማመስገኑ እንደ በደል ከተቈጠረ፥ ይህ በደል ለታሪክ ጸሐፊ ጌጥ ነው።

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። ሄሮዶቱስን ለደስታ ብቻ የሚያነበው ሰው ግማሹን ያገኛል፤ ለምርመራ ብቻ የሚያነበውም እንዲሁ። መጽሐፉ የተሠራው ሁለቱ አብረው እንዲሄዱ ነው፤ ታሪኩ ደስ ስላለን ወደ ፊት እንሄዳለን፥ ወደ ፊት ስንሄድም ይህን ማን ነገረው ብለን እንጠይቃለን። ለጀማሪ የምንመክረው፥ ከመጀመሪያው ክፍል የክሮይሶስን ነገር፥ ከሁለተኛው የግብፅን፥ ከሦስተኛው የካምቢሲስን፥ ከሰባተኛው የዜርክሲስን ጕዞ አስቀድሞ እንዲያነብ ነው። እርሳስ በእጁ ይያዝ፤ በየገጹ ጠርዝ ላይ አየ፥ ሰማ፥ ገመተ እያለ ምልክት ያድርግ። መጽሐፉን ሲጨርስ የፋርስን ጦርነት ብቻ ሳይሆን የገዛ አእምሮውንም ሥራ ያውቀዋል።

ይህ ትምህርት ለግሪክና ለፋርስ ነገር ብቻ አይደለም። በየአገራችን ሽማግሌዎች ያዩትንና ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይዘው በየዓመቱ ወደ መቃብር ይወርዳሉ። አንዱ ጦርነት በሸዋ አንድ ዓይነት፥ በጐንደር ሌላ ዓይነት፥ በወሎም ሌላ ዓይነት ሆኖ ይነገራል። ወጣቱ ጸሐፊ እነዚህን ሲሰማ አንዱን መርጦ ሌላውን ለመሰረዝ ይቸኩላል፤ ይህም ከክብር ወይም ከይሉኝታ የሚመጣ ነው። ሄሮዶቱስ ቢሆን ሁሉንም ከነተናጋሪው ይጽፈው ነበር፤ ያላመነውንም አላመንሁትም ብሎ ያኖረው ነበር። ዛሬ ለእኛ የማይታመን መስሎ የታየን ቃል፥ እንደ ፊንቄ መርከበኞች ፀሐይ፥ ከኛ በኋላ ለሚመጣው መርማሪ ዋናው ማስረጃ ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ በየደብሩና በየመንደሩ ያለ ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ሁሉ፥ ሽማግሌው ሳያልፍ ሄዶ ይጠይቅ፤ የሰማውን ይጻፍ፤ ማን እንደ ነገረውም ሳይጽፍ አይለፍ።